በግማሽ የተቆረጠ ዛፍ

ከሱብሒ ሶላት በኋላ ዘይኑልአቢዲን ደጃፉ ላይ ይቀመጥና ገመዱን በጣቶቹ መሐል ያሳልፋል። ዐይኑን ይጨፍናል። ገመዱ አርባ ሜትር ነው። በግራ እጁ እየሳበ፣ በቀኙ አውራና ሌባ ጣት መሐል ክንድ በክንድ ያሻግረዋል። የላላ ወይም የሳሳ ክር ጣቱን ሲነካው ይቆማል፤ በጥፍሩ ይፈትሻል፤ ይቀጥላል። ጫፉ ላይ ሲደርስ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይጠቀልለውና ትከሻው ላይ ይጥለዋል። ሥራ ባለበት ቀንም በሌለበትም፣ ረመዳንም ይሁን ዒድ፣ ይህን ሳያደርግ ከደጁ አይወጣም።

«የሰው ተስቢሕ ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው፤ ያንተው አርባ ሜትር» ትለዋለች ሚስቱ ከሪማ።

እሱ አይስቅም።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ውስጥ ምክንያቱን የማያውቅ የለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ነጋዴ ግቢ ትልቅ ሾላ ሲቆርጡ ገመድ ተበጥሶ ጀማሉዲን ከዛፍ ወደቀ። ጀማሉዲን ለዘይኑ ሥራውን ያስተማረው ሰው ነው። አልሞተም፤ ወገቡ ግን ተሰብሮ ከዚያ ወዲህ በሁለት ምርኩዝ ነው የሄደው። ዛፍ መውጣት ቀርቶበት ቤቱ በራፍ ላይ ተቀምጦ የመጥረቢያና የዶማ እጀታ ይጠርብ ነበር። «ገመዱ ተበጠሰ» ያለው ራሱ ጀማሉዲን ነው፤ ሆስፒታል አልጋው ላይ ሆኖ ለጠየቀው ሁሉ እንደዚያ አለ። ዘይኑ ስለዚያ ቀን ተጠይቆ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። የሁለቱ ቤት በአምስት መቶ ርምጃ አይራራቅም። ዘይኑ ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያን በራፍ አልረገጠም። ሰው የገመተውን ገመተ፤ የተጣሉ መሰለው። ዘይኑ ደግሞ ከማንም ጋር ቢጣላ የሚገርመው ሰው የለም።

ቁጡ ነው። እሱም አይክደውም። ስልክ ደውሎ «አንዲት ትንሽ ዛፍ አለችኝ» በሚለው ሰው ይቆጣል፤ «ትንሽ ዛፍ የለችም፣ ትንሽ ቤት ነው ያለው» ይልና ይዘጋበታል። ግንድ ላይ ምስማር እየመታ ልብስ ማስጫ በሚወጥረው ይቆጣል፤ ያ ምስማር ሃያ ዓመት ቅርፊት ለብሶ ይቆይና የመጋዙን ጥርስ ይበላል። ዛፍን ከአንድ ጎን እየቆረጠ አላህ ወደ ወደደበት ጣለው በሚል ቆራጭ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይቆጣል። «አላህ ዐይን የሰጠህ ለምንድነው?» ይለዋል።

ተወልዶ ያደገው ቢስቲማ አጠገብ፣ ማሽላና ጤፍ ከሚያርስ ቤት ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ደሴ ገብቶ እንጨት ሲፈልጥ ነበር ጀማሉዲን ያገኘው። የመጀመሪያው ትምህርት መቁረጥ አልነበረም፤ መሸሽ ነበር። «ከሁሉ በፊት የምትሸሽበትን መንገድ ጥረግ» አለው ጀማሉዲን፤ ከግንዱ ኋላ ሰያፍ ያለውን መሬት በእግሩ እየጠረገ። ቀጥሎ ግንድ በመጥረቢያ ጀርባ አንኳኩቶ መስማትን አስተማረው። ጤነኛ ግንድ ድምፁ ደረቅና አጭር ነው። የበሰበሰ ግንድ እንደ ከበሮ ነው። «ዛፍ አይዋሽም፤ የሚዋሽ ባለቤቱ ነው» ይል ነበር። ከሁሉ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይደጋግም ነበር፦ «የሰው እጅ ቋጠሮ አይደለም።»

ባለፈው ግንቦት አቶ ይስማው ጠራው። ይስማው የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ አራት ክፍል ቤትና ከኋላው ሰፊ ግቢ አለው። ግቢው ጥግ ላይ አባቱ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ሁለት ሰው ተቃቅፎ የማይደርስበት። ከዛፉ ሥር ደግሞ፣ ሦስት ርምጃ እንኳ ሳይርቅ፣ አዲስ የብሎኬት ሰርቪስ ክፍል ቆሟል። ዛፉ ወደ ክፍሉ አዘንብሏል።

ዘይኑ ዛፉን ሽቅብ አልተመለከተም። ጎንበስ ብሎ መሬቱን አየ። ከክፍሉ መሠረት ጎን የሰው ጭን የሚያክል ሥር ተቆርጦ አፉ ጠቁሯል። አጠገቡ ሌላ። አጠገቡ ሌላ።

«ይሄን ማን ቆረጠው?»

«መሠረት ሲወጣ ነዋ። ግንበኛው ነው» አለ ይስማው።

«ግንበኛው ያለ ትእዛዝህ ሥር ቆረጠ?»

«አያ ዘይኑ፣ ሥር ነው እንጂ እግር አይደለም።»

«እግር ነው!» ዘይኑ ቀና አለ። «የሰውዬውን እግር ቆርጠህ፣ ሥሩ ቤት ሠርተህ፣ አሁን ሊወድቅብኝ ነው ብለህ ትጣራለህ! ክፍሉ ውስጥ ሰው አለ?»

ሰው ነበረ። የልብስ ስፌት ድምፅ ይሰማል። ተናኘ የምትባል ሴት ናት የተከራየችው፤ ባሏ የሞተባት፣ ሰፍታ የምታድር፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኗ መዘምራን ውስጥ የምትዘምር። በር ላይ ብቅ ስትል ገና አንገቷ ላይ ሜትር እንደተንጠለጠለ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ አባባ። የዛፉ ነገር ሊሆን ነው?»

«ሊወድቅ እንደሚችል ነግሮሻል?»

ተናኘ ወደ ይስማው አየች፤ ከዚያ ወደ ዛፉ አየች። «ንፋስ ሲሆን ጣራው ላይ ሲንቋቋ እሰማለሁ። እሳቸው ቅርንጫፍ ነው ብለውኛል።»

ዘይኑ ግንዱን በመጥረቢያው ጀርባ አንኳኳ። እታች ደረቅ ነው፤ ጥሩ። የእግር ብረቱን አሥሮ፣ ወገቡን ታጥቆ ወጣ። በሁለት ቀን ክፍሉ ላይ ያንዣበቡትን ቅርንጫፎች አንድ በአንድ እያሠረ በገመድ አወረዳቸው። ሦስተኛው ቀን ከዚያ በላይ ሊወጣ ግንዱን ሲያንኳኳ ከበሮ ሰማ። አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ደገመ። ከበሮ። ወረደ።

«ሆዱ ባዶ ነው» አለ። «ከዚያ በላይ ሰው አይወጣበትም። በቁራጭ በቁራጭ ልናወርደው ነበር፤ አይሆንም። ከታች ተቆርጦ፣ በገመድ በበሩ በኩል ወዳለው የጎመን መደብ ተስቦ ነው የሚወድቀው።»

የይስማው ፊት በራ። «እኔስ ምን አልኩ! አንድ ወጥ ሆኖ ቢወድቅ ነው የሚሻለው። ከኮምቦልቻ የሚወስደው ሰው አግኝቻለሁ፤ ዐሥር ሜትር ወጥ ግንድ ካገኘሁ እጭናለሁ ብሏል።»

«ሆዱ ባዶ ነው አልኩህ።»

«ከውጭ ደህና ነው።»

«አንተም ከውጭ ደህና ነህ።»

ግንዱ የተንጋደደው ወደ ክፍሉ ነውና ወደ ጎመኑ የሚያመጣው ገመዱ ብቻ ነው። ገመዱ ከግንዱ ላይ ታሥሮ ጎመኑን አቋርጦ እስከ ውጭው በር ይደርሳል። እዚያ ደግሞ የበሩ ዓምድ አለ፤ ብረት የተቀበረበት ወፍራም ኮንክሪት። ዘይኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዐይኑን የጣለው እሱ ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠምጥሞበት የተያዘ ገመድ ንፋስ ቢመጣም ሰይጣን ቢመጣም አያፈገፍግም።

«አይሆንም» አለ ይስማው። «ለሠርግ ነው ያስቀባሁት። ቀለሙ ይላጣል።»

«ቀለም?»

«ሰው እጠራልሃለሁ። ሰባት፣ ስምንት ጎረምሳ። ጎረቤቱ ሁሉ ይስባል፤ እኛ ሰፈር ለዚህ ሰው አይጠፋም።»

ይህ እውነት ነው። ወሎ ውስጥ ለመሳብ፣ ለመሸከም፣ ለመቅበር ሰው አይጠፋም። ዘይኑም ያን ዕለት ተሸነፈ። እስከ ዛሬ ከይስማው በላይ በራሱ ላይ የሚቆጣው ለዚህ ነው። «የሰው እጅ ቋጠሮ አይደለም» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ ግን የማን ቃል እንደሆነ ሲያስብ አፉ ተዘጋ።

ሐሙስ ጠዋት ሰባት ሰው መጣ። ሀፊዝም አለ። ሀፊዝ ስድስት ዓመት ሙሉ ከዘይኑ ጋር ገመድ የያዘ፣ ሁለት ልጆች ያሉት ጎልማሳ ነው፤ የሳቢዎቹ አለቃ እሱ ሆነ። ዘይኑ ተናኘን ራሱ አስወጣት። ይስማው «ዕቃው ይቆይ፤ ወዲህ እኮ አይወድቅም» ሲል ዘይኑ የስፌት መኪናዋን ከነእግሩ አቅፎ ወደ ውጭው መንገድ አወጣው።

«እስክጠራሽ እዚህች ደፍ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ልጄ። ቤትሽ ቢቃጠል እንኳ።»

«እሺ አባባ።»

«እሺ አይደለም። ማይልኝ።»

«ጌታን!» አለች እየሳቀች፤ ግን ማለች።

ከዚያ ለሳቢዎቹ ተናገረ። «ገመዱ ሁሌም ውጥር ይሁን። አትጎትቱ፤ ያዙ። ሳብ ስል ትስባላችሁ። እኔ ልቀቅ ሳልል የሚለቅ ሰው ካለ ከአሁኑ ይሂድ።»

«ኧረ አያ፣ የሚለቅ የለም!» አሉ።

«ገመድ ነው ሚስት ነው?» አለ አንዱ፤ ተሳሳቁ።

በጎመኑ በኩል፣ ግንዱ እንዲወድቅ በተፈለገበት አቅጣጫ፣ አፍ ከፈተለት። በሞተር መጋዙ ከላይና ከታች ቆርጦ የእንጀራ ቁራሽ የመሰለውን ጉማጅ አወጣ። ዞሮ ከኋላ ጀመረ። ከኋላ ሲቆረጥ እስከ አፉ አይደረስም፤ መሐሉ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚያገለግል ያልተነካ እንጨት ይቀራል። ዛፉ ያችን ይዞ ነው የሚታጠፈው። መጋዙ አጉረመረመ፤ መሬቱ ነጭ ብናኝ ለበሰ። ከግንዱ ውፍረት ገሚሱን ሲያልፍ መጋዙን አጥፍቶ ሁለት የወይራ ሽብልቅ ከቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ ሰካ። መዶሻውን አነሣ።

ሞተሩ በመጥፋቱ ነው ድምፁ የተሰማው። በመንገዱ ላይ የቅሬው ለፋፊ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ ያልፋል። ቅሬ የሰፈሩ መቀባበሪያ ማኅበር ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ያለበት። ለፋፊው ሲጠራ ሞፈር ያለው ሞፈሩን፣ ሚዛን የያዘ ሚዛኑን ይጥላል። ያልሄደ ሰው ነገ የሚቀብረው አያገኝም።

«የቅሬ አባላት! ጀማሉዲን ይማም ወደ አኼራ ሄዷል። ቀብሩ ዙህር ላይ ነው። የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ሰባቱ ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። ከዚያም ሰው ሲሞት እንደሚደረገው፣ አባቶቻቸውም እንዳደረጉት፣ ሳያስቡት፣ መዳፋቸውን ዘርግተው ለፋቲሓ እጃቸውን አነሡ። ከሰባቱ ክርስቲያኖቹ ደግሞ ኮፍያቸውን ለማውለቅ።

ገመዱ ጎመኑ ላይ ወደቀ።

ዘይኑ አላየውም፤ ሰማው። ግንዱ ወደ ኋላ ተቀመጠ። ሽብልቆቹ ሲጢጥ ብለው ተቆነጠጡ፤ ማጠፊያዋ ስትሰነጠቅ እንደ ጥይት ጮኸች። ዘወር ሲል ገመዱ መሬት ላይ ነው፤ ሰባቱም እጃቸውን አንሥተዋል፤ ሀፊዝም ጭምር። በውጭው በር ደግሞ ተናኘ ትሮጣለች። ለቀብር ነጠላ ያስፈልጋል፤ ነጠላዋ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ መሐላዋን ረስታለች። ከዛፉ ሥር አልፋ ገባች።

ዘይኑ ያሰማው ጩኸት ቃል አልነበረውም። ለመሸሻ የጠረገውን መንገድ ትቶ ወደ ገመዱ ሮጠ። ዕድሜው ኀምሳ ሰባት ነው፤ ጉልበቱ ይጮኻል። ገመዱን አንሥቶ ዓምዱ ላይ አንድ ጊዜ ጠመጠመ። ሁለት። ሦስት። በሰውነቱ ሙሉ ተንጋለለበት። ገመዱ ተወጠረ፤ ቀይ ቀለም እየተላጠ እጁ ላይ ረገፈ።

«ሀፊዝ! ሴትየዋን! ሴትየዋን አውጣ፣ አንተ የሙት ልጅ!»

ሀፊዝ ያኔ ነቃ። ገብቶ ተናኘን በክንዷ እየጎተተ አወጣት። ነጠላዋን አልለቀቀችም ነበር።

«ዓምዴን!» አለ ይስማው።

ዘይኑ ዞሮ አየው። «ሰው ከሚላጥ ዓምድህ ይላጥ!»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዘይኑ ለሚያዳምጠው ሰው ሁሉ ሲናገር አሁንም ይቆጣል። ሳቢዎቹ ሄዱ። ይቅርታ እየጠየቁ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ፤ ግን ሄዱ። ቅሬ ነው፤ ምን ያድርጉ? ይስማውም ጋቢውን ጣል አድርጎ ወጣ። «ዛፉ የትም አይሄድም፤ ከቀብር ስንመለስ» አለ። የትም አይሄድም! በግማሽ የተቆረጠ፣ ማጠፊያው የተሰነጠቀ፣ ከጦሳ ተራራ የከሰዓት ንፋስ የሚጠብቀው ዛፍ የትም አይሄድም!

ሀፊዝ ብቻ ቀረ። ጥፋቱን ያውቃልና ዐይኑን ከመሬት አላነሣም።

«አያ» አለ ቀስ ብሎ። «ጀማሉዲን እኮ ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ ይሂዱ። ገመዱን እኔ እይዘዋለሁ። ወላሂ አለቅም።»

«ቅድምስ ምን ብለህ ነበር?»

ሀፊዝ ገመዱን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።

«ተወው። ዱላ አምጣ። ወፍራም።»

ገመዱን በእጥፍ አድርገው ዓምዱ ላይ ካሠሩት በኋላ ዱላውን መሐሉ ላይ ሰክተው ይጠመዝዙት ጀመር። በየአንዳንዱ ዙር ገመዱ ያጥራል፤ በየአንዳንዱ ዙር ግንዱ በፀጉር ያህል ከክፍሉ ይርቃል። ይህ ሥራ አይፈጥንም። ይጠመዘዛል፣ ይታሠራል፣ ግንዱ ዘንድ ተኪዶ ሽብልቁ በመዶሻ ይመታል፣ ተመልሶ ይጠመዘዛል። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ።

ዙህር ላይ ጀናዛው በዚያው መንገድ አለፈ። «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የሚለው የብዙ ወንድ ድምፅ ከሩቅ እየጎላ መጣ። የግቢው በር እንደተከፈተ ነበር። ዘይኑ ዱላውን ይዞ የቆመው ከበሩ ዓምድ ሥር ነው፤ ቃሬዛው ሲያልፍ ሦስት ርምጃ ቢራመድ ትከሻውን ሊያስገባበት ይችል ነበር። ከተሸካሚዎቹ አንዳንዶቹ አዩት። ሁለት እጁ ዱላው ላይ ነው። ለዱዓ አላነሣውም። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ያየው ሀፊዝ ብቻ ነው።

«ልያዘው፣ አያ፤ ለአንዲት ደቂቃ» አለ ሀፊዝ።

«ዝም ብለህ ሽብልቁን ምታ!»

ድምፁ አልፎ ከጠፋ በኋላ ንፋሱ ጀመረ። ግንዱ አናት ላይ የቀሩት ቅጠሎች ተንሿሹ። ዘይኑ መጋዙን አስነሣና በቀረችው ማጠፊያ ላይ የመጨረሻዋን ጣት ያህል ቆርጦ፣ አጥፍቶ፣ ወደ ጠረገው መንገድ ሸሸ። ሀፊዝ አንድ ዙር ጠመዘዘ። ግንዱ አመነታ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ በአንዴ፣ ጎመኑን ሰንጥቆ ተጋደመ። መሬቱ ሲናወጥ የተናኘ መስኮት ተንቀጫቀጨ፤ አልተሰበረም።

ተሰንጥቆ ሆዱ ተከፈተ። ከመሐሉ ላይ ሰው ክንዱን እስከ ትከሻው ሊያስገባ የሚችልበት ጉድጓድ ነበር፤ ጥቁር አፈርና ትል።

ከቀብር የተመለሱት ሰዎች ግቢው ውስጥ ገቡ። የቅሬው ዳኛ ሸህ መሕሙድም አብረው ነበሩ፤ ጢማቸው የነጣ፣ ተሰሚ ሰው። ግንዱን አላዩም። ዘይኑን አዩ።

«ዘይኑልአቢዲን፣ ጀናዛው በፊትህ ሲያልፍ እንኳ አልተከተልክም። እጅህን ይዞ ያስተማረህን ሰው። ዘጠኝ ዓመት አልጠየቅኸውም፤ ዛሬ ደግሞ አፈር አልጣልክበትም። በቅሬ ሕግ ይህ ምን እንደሚባል ታውቃለህ።»

ዘይኑ እጁን በሱሪው ላይ ጠረገ። እጁ ደም ነበረው።

«ሕግ!» አለ። «ሸህ መሕሙድ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ዛሬ ግን ይስሙኝ። ይህ ሰው ሥር ቆርጦ ቤት ሲሠራ ቅሬው የት ነበር? ሴት ልጅ ተኝታ ጣራዋ ላይ ሞት ሲንቋቋ ማን ለፈፈ? ለሞተ ሰው ትሮጣላችሁ፤ ለሚሞት ሰው ገመድ ይዛችሁ መቆም አልቻላችሁም! ሙት አይቸኩልም፤ ጀማሉዲን ቢሰማችሁ ይስቅባችሁ ነበር! ይሄን ነው ያስተማረኝ፤ ያዝ አለኝ፤ ያዝኩ! ቅጡኝ! ወላሂ ብትቀጡኝም ከአፌ ይቅርታ የምትሰሙ እንዳይመስላችሁ!»

ሳቢዎቹ መሬቱን ያያሉ። ይስማው የተላጠ ዓምዱን ያያል።

ተናኘ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ነበር፤ ቀብር ደርሳ መምጣቷ ነው። ወደ ፊት መጣች።

«ሸህ፣ እኔ ለናንተ ቅሬ አዲስ ነኝ፤ መናገር አልችልበትም» አለች። «ግን አባባ ባይቀሩ ዛሬ ሁለት ለቅሶ ነበራችሁ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። ነጠላዬን ይዤ።»

ሸህ መሕሙድ ያኔ ግንዱን አዩ። ጎንበስ ብለው ወደ ባዶው ሆዱ ተመለከቱ። ከዚያ ቀጥ ብለው ለይስማው «ግንድህን ኮምቦልቻ የሚወስደው ሰው ይምጣና ይየው እንግዲህ» አሉት። ስለ ቅጣት ማንም አላነሣም። ገመድ የያዘ ሰው ግን ዛፉ ሳይወድቅ ለቀብርም ቢሆን እንዳይለቅ፣ ሰፈሩ ውስጥ ዛፍ ሲቆረጥ ለፋፊው በዚያ መንገድ እንዳያልፍ፣ ቢያልፍም ሰው ቀድሞ በቃል እንዲነገረው፣ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ተስማሙ። ዘይኑ ስብሰባው ላይ አልተገኘም። ገና ተቆጥቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ጀማሉዲን ቤት ሄደ። ከሪማ አብራው ልትሄድ ተነሥታ ነበር፤ አስቀራት። ዘጠኝ ዓመት ያልረገጠው በራፍ ላይ ያልተጨረሰ የመጥረቢያ እጀታ ግድግዳው ላይ ተደግፎ አለ፤ ምርኩዞቹ አጠገቡ። የጀማሉዲን ሚስት ቢልቂስ ከሴቶቹ መሐል ተነሥታ ወጣች። 

«እትዬ ቢልቂስ» አለ። «ቁጭቴ...»

«ተው» አለችው። «ዛፉን ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ራሷ መጥታ ነግራኛለች። ‹እጁ ላይ ደም ነበር፤ አልለቀቀም› ብላኛለች።» ወደ ውስጥ ገብታ ከአልጋ ሥር የማዳበሪያ ጆንያ ይዛ መጣች፤ አፉ በሲባጎ የታሠረ። «እሱ ‹አንድ ቀን ይመጣል፤ ሲመጣ ስጪው› ብሎኝ ነበር። ‹ካልመጣም ወደ እሱ እንዳትልኪ፤ ይምጣና ይውሰድ› ብሏል። አደራ ነው።»

ዘይኑ ጆንያውን በእጁ መዘነው። ምን እንዳለበት ሳይፈታው አወቀ። ከለቅሶ ቤቱ ወጥቶ ቤቱ እስኪደርስ ድረስ ለማንም ሰላምታ አልመለሰም። በመንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ተቆጥቷል ብሎ አለፈው።

ይህ ሁሉ ይጻፍ ብሎኛል ዘይኑ። ይስማው በስሙ ይጻፍ፤ ቀለሙ ይጻፍ፤ እጃቸውን ያነሡት ሰባቱም ይጻፉ። ቢፈልጉ ይቆጡ። አንዲት ነገር ብቻ ትቅር አለኝ፤ «ይችን ተያት፣ ልጄ፤ አላህ ያውቃታል፤ ይበቃል።» ጆንያው ውስጥ ያለው የኮምቦልቻው ገመድ ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድም ክር አልተበጠሰም። ያን ቀን ጀማሉዲን ሾላው ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ የግቢው ባለቤት ከታች «ምን ያንቀረፍፋችኋል?» ብሎ ተሳደበ፤ ዘይኑም ሊቆጣው፣ ጣቱን ሊቀስርበት፣ የጀማሉዲንን ገመድ የያዘ እጁን አነሣ።